ወንበር ጎታቹ

ትሪየስቴ ላይ ቦራ ሲነፍስ፣ ያ አውሎ፣ ያ ጠማማ ነፋስ፣
ሰው ገመድ ጨብጦ ነው ከዳገቱ ጫፍ የሚደርስ።
እኔ ምድር ቤት ነኝ፤ አምፖሉ በሚርገበገብ ክፍል፣
የሞቱ ሕሙማንን ካርድ ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ የምውል።

በሰዓት ሠላሳ ካርድ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የገቡበት ቀን፣
ከዚያ አንድ ባዶ ሳጥን፤ የሕመሙስ ስም ማን?
ቁጥር ካልሞላሁበት ማሽኑ አያልፍም፤
«አላውቅም» የሚል ምርጫ የለውም።

ዛሬ ጠዋት የእርሷ ወጣ፤ ጥጉን አይጥ የቀመሰው፣
አምስት ዓይነት ቀለም ተራ በተራ የረገጠው።

ድራጋ ዠርያል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት። ሥራ፦ ዓሣ ማሸግ።
ጀርመንኛ ጻፊው ሐኪም፣ ፊደሉ እንደ ዘብ የቆመ በወግ፣
«ሜላንኮሊያ» አለ። ጥቁር ቀለም። ነጥብ።

ከዚያ ጦርነት መጣ፤ ከተማው ከቦታው ሳይነቃነቅ አገር ለወጠ፤
ወደቡ ያው፣ ባሕሩ ያው፤ ባንዲራው ብቻ ተገለበጠ።
አዲሱ ሐኪም በሰማያዊ ቀለም የቀድሞውን ሰረዘ፤
«ያለ ዕድሜ መጃጀት» ብሎ ጻፈ፣ በጣልያንኛ፤ አንዴም አልተከዘ።

ቆይቶ በዐዋጅ ስሟም እንደ ቁስል ታክሞ ታደሰ፦
ዠርያል ዜሪያሊ ሆነ፣ ድራጋም ካራ፤ የእናቷ ቋንቋ ተደመሰሰ።
ሁለቱም «ውዴ» ማለት ነው። ውዴን ሰርዞ ውዴ ብሎ መጻፍ፤
ለዚህስ ሕመም ቁጥር የሰጠው የትኛው ምዕራፍ?

በሠላሳዎቹ ቀይ ቀለም፦ ስኪዞፍሬኒያ፣ ሁለት መስመር ያረፈበት፤
በሃምሳዎቹ አረንጓዴ፦ ሥር የሰደደ ድብርት፣ የጥያቄ ምልክት ያለበት።
አራት ስም። አንዲት ሴት። ያው አልጋ፣ ያው መስኮት።

ከካርዱ ጀርባ ግን፣ በእርሳስ፣ ቀን የሌለው፣
አንዲት አስታማሚ፣ እጇ ፊደል ያለመደው፣
ድራጋ ያለችውን እንዳለ አስቀምጣዋለች፦

«ደረቴ ውስጥ አንድ ሰው ወንበር ይጎትታል፤
ሌሊቱን ሙሉ።
አሁንስ ሊቀመጥ ነው ብዬ እጠብቃለሁ።
አይቀመጥም።»

ወንበር ጎታቹን ፈለግሁት፣ ማውጫውን ከላይ እስከ ታች፤
ነፍስ እንደ መድኃኒት ብልቃጥ ወረቀት ተለጥፎባት ቆማለች።
ሐዘን አለ፤ ፍርሃት አለ፤ የሌለ ድምፅ መስማት አለ።
ወንበር የለም።

በእኔም ቋንቋ ሞከርኩ፦ ሆዷ ባብቶ? ልቧ ሸፍቶ? ቀልቧ ተገፍፎ?
የእኛም ቃል ደጅ ጠንቶ ተመለሰ፣ ከደረቷ ደጃፍ ጥቂት አርፎ።

ብቻ ሐኪሞቹን አልረግምም፤ እኔም ነኝ ባለ ቁጥር።
አንድ ክረምት ሙሉ ካልጋ ሳልወርድ፣ ከሰው ሳልነጋገር፣
ዶክተር ፉልቪያ ስም ሰጠችኝ፤ አንድ ፊደል፣ ሁለት አሐዝ።
አለቀስኩ፤ ከእፎይታ ነው። ለካ በዚያ ገደል ያለፈ ሌላም ሰው ነበር፣
ለኋለኛው ድንጋይ ቆልሎ የሄደ፦ «በዚህ በኩል ነው ሰፈር።»

አምስተኛው ሐምራዊ ነው፤ ማኅተም። በሮቹ ያኔ ተከፍተዋል፤
መሄጃ ለሌላቸው ሁሉ አንድ ወጣት ሐኪም በበሽታው ሳጥን ላይ መትቷል፦
«እንግዳ»።

ስድሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት በቀራት ቤት ውስጥ፣ እንግዳ።
ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።
በእኛ ወግ እንግዳ በር ላይ ሲታይ፣ ስሙ ሳይጠየቅ፣
ከየት መጣህ ሳይባል፣
መጀመሪያ ወንበር ይጎተትለታል።

ማሽኑ ቁጥሩን ይጠብቃል። ሌላ ሃያ ዘጠኝ ካርድ ይጠብቃል።
ውጭ ቦራው መስኮቱን ያነቃንቃል።
ከበላዬ፣ ፎቁ ላይ፣ አንድ ሰው ወንበር ጎተተ።
እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሣሁ፤
ይቀመጥ እንደሆን አዳመጥኩ።